ዘጠኝ ከፊት፣ አንድ ከኋላ

እኔ ቀናተኛ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለውን ያነበበ ሁሉ «ቀናተኛ ናት» ማለቱ ስለማይቀር ነው። ቅናት ማለት የሰው የሆነን ነገር መመኘት ነው። እኔ የተመኘሁት የራሴን ነው፤ እሷ እጅ ላይ መገኘቱ የኔ ጥፋት አይደለም።

«እሷ» የምላት የሺመቤትን ነው። ጉለሌ አንድ ሰፈር አደግን። የልብስ ስፌት ትምህርት ቤትም አብረን ገባን። በመዝጊያው ቀን መምህርቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ያስጨበጨበችው ለየሺመቤት ሽርጥ ነበር፤ የሽርጡን ጠርዝ የዘመዘምኩት ግን እኔ ነኝ። ካርቱም ተሰደድን፤ ለአሜሪካ የሷ ስም ከኔ ስድስት ወር ቀድሞ ተጠራ። ዳላስ ደርሼ ሳገኛት መኪና መንዳት ለምዳ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ አውቶቡስ እንዴት እንደሚሳፈሩ ልታስተምረኝ ተነሣች። እኔን! አውቶቡስ! የሴቶች ማኅበራችንንም ያቋቋምነው በኔ ሐሳብ፣ በኔ ሳሎን፣ በኔ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ነው። ወንበሮቹ የኔ ነበሩ፤ ሊቀመንበሯ እሷ ሆነች።

ይህን ሁሉ ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት ቪዲዮውን ነው።

ትልቋን ልጇን ስትድር ሙሽራው የሩቅ ዘመዴ ስለነበር ከሰርገኛው ጋር መጣሁ። እንደምታውቁት ሰርገኛ ሙሽራዋ ደጅ ሲደርስ የሴቷ ወገን በሩን ይዞ «አናስገባም» ይላል። ወግ ነው። ይዘፈናል፣ ይገፋፋል፣ ይሳቃል፤ በአምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ በአሥር፣ በሩ ይለቀቃል። የሺመቤት አርባ አምስት ደቂቃ አቆመችን። ያውም በቴክሳስ ነሐሴ። የቴክሳስን ነሐሴ የማያውቅ ሰው ዳቦ የሚጋገርበትን ምድጃ ይክፈትና ፊቱን ያስገባ። እኔ ደግሞ በዚያው ጧት ፀጉሬን ጥቁር ቀለም ተቀብቼ ነበር። ቀለሙ ከግንባሬ ጀምሮ በጉንጮቼ ወርዶ ነጩ ነጠላዬ ላይ አረፈ። ቪዲዮ አንሺው ይህን ሲያይ ሙሽራውን ትቶ ወደኔ ተጠጋ። ያቺ ካሴት ከሌዊስቪል እስከ ፎርት ዎርዝ ያልገባችበት ቤት የለም። ልጆች «ጥቁር እንባ የምታለቅሰው ሴትዮ» እያሉ ወደ ኋላ እየመለሱ ያዩኛል። የሺመቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ የልጄን ሰርግ ልክፈትላችሁ» ትላለች። የምትከፍተው የልጇን ሰርግ አይደለም፤ የኔን ግንባር ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ ነገሩ ያለ ሥራዬ አይገባችሁም። ፎርት ዎርዝ በኩል ባለ አንድ ኮሌጅ የፉትቦል ቡድኑን ልብስ አጥባለሁ። ፉትቦል ስላችሁ እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹ ነው፤ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ሰውን በትከሻ የሚጥሉበት። ስምንት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ሜዳው ውስጥ ገብቼ አላየሁም። ጨዋታውን የተማርኩት ከእድፉ ነው። ተከላካዮቹ ሦስት ረድፍ ሆነው ይቆማሉ። የፊተኞቹ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ጭቃ፣ ማሊያቸው አንገቱ የተጎተተ ነው። የመሃለኞቹ ትከሻቸው ላይ የሌላ ቡድን ቀለም ይዘው ይመጣሉ። ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ተከላካይ ልብስ ግን ንጹሕ ነው፤ እሱ ጋ የሚደርስ የለማ። የሱ ልብስ ቆሽሾ ከመጣ ቡድኑ መሸነፉን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

እንግዲህ እግዜር ሥራ ሲፈታ፣ የሺመቤት ልጅ ዮናታን በዚያው ኮሌጅ ኳስ ይዞ ሯጭ ሆኖ አረፈው። አራት ዓመት ሙሉ ካልሲውን አጠብኩ። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስታገኘኝ፣ ሰው መሰብሰቡን አይታ፣ «አደራሽን እህቴ፣ የልጄን ማሊያ ለይተሽ እጠቢልኝ» ትለኛለች። እኔም ለይቼ አጠብኩት፤ በየትኛው ውኃ እንደሆነ አልናገርም።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነበር፤ ሰናይት ባትኖር።

እኔ ልጅ አልወለድኩም። እህቴ ስትሞት የአምስት ዓመት ልጇን ሰናይትን አዝዬ ነው ድንበር የተሻገርኩት። «እትዬ» ትለኛለች። በዚህች ምድር እትዬ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እናቷን ታስታውስ ስለነበር «እማዬ በዪኝ» አላልኳትም። ቃሉ የእህቴ ነው፣ አብሯት ተቀብሯል ብዬ ተውኩት። ልጅቷ አደገች፣ ነርስነት መማር ጀመረች። አንድ ቀን መኪናዬ ተበላሽቶብኝ ከሥራ ልትወስደኝ መጣች። ፓርክ አድርጋ ስትጠብቀኝ ዮናታን አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶበት ሊጠይቀኝ ብቅ አለ። ያቺን ካልሲ ቀድሜ አግኝቻት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

ሽማግሌ ተላከ፣ ልጅቷ እሺ አለች፣ ቀን ተቆረጠ። አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ሰናይት የስልኩን ረጅም ሽቦ እየጠቀለለች ታወራለች።

«እሺ እማዬ… አይ እማዬ… አበባ ቤቱን እኔ ኮል አደርጋለሁ እማዬ…»

ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ አለችው። ስልኩን ስትዘጋ ሽንኩርቱ ምክንያት ሆኖልኝ ዓይኔን ጠራረግሁ።

«ማን ናት?»

«የዮናታን እናት ነቻ። ‹እማዬ በዪኝ› አለችኝ።»

ከሦስት ወር በፊት «ወይዘሮ የሺመቤት» ነበረች። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት አፌን ይዤ የዘለልኩትን ቃል እሷ በሦስት ወር ጠይቃ ወሰደችው። እንዲህ ናት። ሽርጡን፣ ወንበሩን፣ አሁን ደግሞ ልጅቷን።

ያን ቀን ሽንኩርቱ ላይ ማልኩ። ልጄን ሊወስዱ ሲመጡ፣ የሺመቤትን በሬ ላይ አርባ ስድስት ደቂቃ አቆማታለሁ። አርባ አምስቱ የሷ ነው፤ አንዷ ወለድ ናት።

መማል ቀላል ነው። ግን የዮናታን ሚዜዎች አራቱም የቡድኑ ልጆች ናቸው፤ አንዳቸው ብቻ በሬን ከነመቃኑ ነቅለው መሄድ ይችላሉ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት የታጠበ ፎጣ ይዤ የመከላከሉን አሠልጣኝ ቢሮ አንኳኳሁ። ኮች ድምፁ በጩኸት የተዘጋ፣ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ እያኘከ ገለባውን ኩባያ ውስጥ የሚተፋ ትልቅ ሰው ነው። እንደ ልጆቹ «ማማ» ይለኛል። በእንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ አይለይም፤ ጽሑፉ የኔ ስለሆነ ግን እዚህ «እርስዎ» እያለ ያናግረኛል።

«ኮች» አልኩት፣ «አንድ በር አለ። ሊገቡ የሚመጡት ብዙ ናቸው። አርባ ስድስት ደቂቃ ላቆማቸው እፈልጋለሁ።»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ፖሊስ ጠርተዋል?»

«ሰርግ ነው።»

አስረዳሁት። አሜሪካ ከመጣሁ ለሐኪም፣ ለአከራይ፣ ለታክስ ሠራተኛ ስንት ነገር አስረድቼ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሳይገባቸው ቀርቷል። ይህ ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ገባው።

«ሶ፣ የነሱ ወገን ኳሱን ይዟል» አለ። «ኳሱ ማን ነው?»

«ሙሽራው።»

«ማን ነው?»

ነገርኩት። ገለባውን ተፋ። «ያንን ልጅ በልምምድ አራት ዓመት ላስቆመው ሞክሬ አልቻልኩም» አለና ወንበር ሳበልኝ።

የልብስ ዝርዝሬን ገልብጦ በጀርባው ክብና መስቀል ይሥል ጀመር። «የሁልጊዜው አሰላለፍ አራት ከፊት፣ ሦስት ከመሃል፣ አራት ከኋላ ነው። የሚመጣብዎትን ካላወቁ ይህን ይያዙ። ኳሱን በረጅሙ ይወረውሩታል ብለው ከሰጉ ከፊት ቀንሰው ከኋላ ይጨምሩ። ጎል አፋፍ ላይ ሲደርሱብዎት ደግሞ ሁሉንም ከፊት ይደረድሯቸዋል። ግድግዳ ነው። ችግሩ ከግድግዳው ኋላ ሰው የለም፤ አንዴ ካለፈ አለፈ።»

«ግድግዳውን እፈልጋለሁ» አልኩ።

«ቤቱ ስንት በር አለው?»

«የሺመቤት የምትመጣው በፊት በር ነው።»

«የጠየቅኩት ስለ በሩ ነው።»

«ሰው ሁሉ እያያት ነው መቆም ያለባት፤ ሣሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ።»

ኮች ጥቂት አኘከ። «ማማ፣ አሰላለፍ የሚመረጠው በሚመጣው ነው እንጂ በሚጠሉት አይደለም» አለኝ።

ይህን አነጋገር አልወደድኩትም። የነፍስ አባቴም እንዲህ ደፍረው ተናግረውኝ አያውቁም።

«እሺ፣ ግድግዳው ይሁን» አለ ፊቴን አይቶ፤ «ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከኋላ ያስቀሩ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ከኋላ መቅረት አለበት። ያ ሰው ዓይኑን ከኳሱ ላይ አይንቀል፤ ከፊት የፈለገው ግርግር ቢነሣ አይመልከት። ሌላው» አለና ያ ሁሉ ሰውነት አገጩ ጠረጴዛው ጠርዝ እስኪደርስ ጎንበስ አለ፤ «ሁለት ሰው ሲጋጠም ዝቅ ያለው ያሸንፋል። በቁመት አይደለም፣ በክብደት አይደለም። ዝቅ ያለው።»

ሁሉንም ጻፍኩ። በጎኑም «ትርፌ ዝቅ ማለት ትችላለች?» ብዬ አሰመርኩበት።

ትርፌ ሆስፒታል ወጥ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ እሷ የቆመችበት በር በር መሆኑ ይቀራል። ከማኅበሩ ሴቶች የሺመቤትን የማይፈሩ ስምንት ሆኑልኝ። ዘጠነኛዋ መሠረት ናት፤ ጎረቤቴ ናት፣ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ። ስጠይቃት ተጨነቀች።

«እማማ፣ የዓለም ዘፈን አልዘፍንም። መቆም ግን እችላለሁ። በጸሎት እቆማለሁ።»

«በጸሎት ሌላ ቀን ቁሚልኝ፤ ቅዳሜ የምፈልገው ክርንሽን ነው» አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ውስጥ ልምምድ ያዝን። ፋርመርስ ብራንች በሚባል የዳላስ ዳርቻ የተከራየኋት ቤት ትንሽ ናት። የፊቷ በር ሣር ላይ ይከፈታል። በጀርባ፣ በጓሮው መተላለፊያ በኩል፣ ጋራዥ አለ። ከጋራዡ በልብስ ማጠቢያዋ ክፍል አልፎ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ጠባብ ኮሪደር፣ በኮሪደሩ ጫፍ የሰናይት ክፍል። ዘጠኙን በፊት በር በኩል በሁለት ረድፍ ገጠገጥኳቸው። እኔ ኮሪደሩን ያዝኩ፤ የኋለኛዋ እኔ ነኝ። ሶፋውን ሙሽራ አድርገን ገፋነው።

«ዝቅ በይ ትርፌ! ዝቅ ያለው ነው የሚያሸንፈው!»

«ይኸው ዝቅ አልኩ።»

«አሁን ገፍተሽ ተነሺ።»

«እሱን ነው የማልችለው! አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ዝቅ አድርገሽ የእሳት አደጋ መኪና ልትጠሪ ነው?»

አራት ሆነን አነሣናት። ሲሳቅ ቀና ብል ሰናይት እጆቿን አጣጥፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ወግ ነው።»

«ይሄ ወግ አይደለም፣ የፉትቦል ጎል ላይን ነው። ዮናታን ሲጫወት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።» ሦስት ዓመት «ላይብረሪ ነኝ» ስትለኝ የት እንደነበረች በዚህ አወቅሁ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ከኋላስ ማን አለ?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ ብቻ?»

«አንሳለሁ?»

 የመኪናዋን ቁልፍ ከመስቀያው ላይ አነሣችና ወጣች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጥሩንባው ከሩቅ ተሰማ። ከበሮው መጣ፣ መኪኖቹ ተደረደሩ። በመጋረጃው ቀዳዳ የሺመቤትን ስፈልግ ያየሁትን አላመንኩም። ትልቅ ጃንጥላ ይዛለች። የሚታጠፍ ወንበር አስይዛለች። በረዶና ለስላሳ የሞላ ሣጥንም አስይዛለች! ፀጉሯን ተተኩሳ፣ እንደ ዘውድ አቁማው፣ ሣሬ መሃል ወንበሯን ዘርግታ ተቀመጠችና እግሯን አጣጠፈች።

«በርቱ እህቶቼ!» አለች ጠርሙሷን እየከፈተች። «እኔ የምቸኩልበት የለኝም!»

በገዛ ሣሬ ላይ ልትዝናናብኝ መጣች።

ደጁ ላይ ግን ግድግዳው ሠራ። ሚዜዎቹ አራት ግንብ የሚያህሉ ልጆች ናቸው፤ ግን እናቶቻቸው በሥርዓት አሳድገዋቸዋል። ገፋ ያደርጉና «ኤክስኪዩዝ አስ፣ ማም» ይላሉ።

«ማም ይለኛል እንዴ! አናስገባም!» ትላለች ትርፌ።

አንደኛው ቃሉን ወደደው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ አዙሮ «አናስገባም! አናስገባም!» እያለ ለኛ ወግኖ መጮህ ጀመረ። መሠረት ዓይኗን ጨፍና፣ ክርኗን አውጥታ፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አሥር ደቂቃ ሆነ። አሥራ አምስት ሆነ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሰዓቴን ይዤ ቆሜአለሁ።

በሃያኛው ደቂቃ የሣር ማጠጫው ተነሣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ። ማጠጫው በራሱ ሰዓት የሚሠራ ነው፤ የገጠመው አከራዬ ነው። ወትሮ ንጋት ላይ ነበር የሚነሣው። በዚያ ሳምንት ወደ ረፋድ የተዛወረበትን ምክንያት አላውቅም። መቆጣጠሪያው ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ማንም ሊነካው ይችላል።

ጩኸቱን ስሰማ መቆም አቃተኝ። የኮችን ቃል አልዘነጋሁትም፤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «ከፊት የፈለገው ግርግር ቢነሣ አይመልከት።» ግን ኮች የሺመቤትን አያውቃትም። ቦታዬን ጥዬ ወደ ሳሎኑ መስኮት ሮጥኩ።

ጃንጥላ ከላይ ለሚመጣ ነገር ነው። ይህ ከሥር መጣ። ከወንበሯ እግሮች መካከል ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ያንን ዘውድ አገኘው። የተተኮሰው ፀጉር መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በአንድ ወገን አጋደለ፣ ከዚያ ዓይኗን ሸፈነው። ቪዲዮ አንሺው ሊያነሣት ዞረ። ሲዞር አየሁት! ፈጣሪዬ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ባትሰጠኝ አላማርርም ነበር።

ደስታዬ የቆየው እስትንፋስ እስክስብ ነው። ሚዜዎቹ ከውኃው ሲሸሹ መሃል ላይ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ሙሽራ ቀና አለ። ዮናታን አይደለም። የአክስቱ ልጅ ነው፤ የሱን ዓይነት ሱፍ አልብሰውታል። ኳሱ ከፊት የለም። ዓይኔ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ልቤ ያለበት እንጂ ኳሱ ያለበት አልነበረም።

ይህን እያሰብኩ ከቤቱ ጀርባ የጋራዡ በር ማጉረምረም ጀመረ። ሲከፈት እንደ ዕድሜዬ ነው፤ እያቃሰተ፣ በቀስታ።

ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። ኮሪደሩ አፍ ላይ ስደርስ ዮናታን በወጥ ቤቱ በኩል ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ እሱ ወጥ ቤት፤ መሃላችን አምስት እርምጃ። ክንዶቼን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋሁ። ነጠላዬ እንደ መረብ ተንጠለጠለ። የዚህን ልጅ ማሊያ አጥቤአለሁ፤ ሰው ጥሎ ሲያልፍ ትከሻው ላይ የሚቀረውን ቀለም አውቀዋለሁ። ከኋላዬ የሰናይት በር ነው።

«ማማ» አለ።

«አናስገባም» አልኩ።

ዘጠኙ ሴቶች ሲሉት ጨዋታ ነበር። ብቻዬን ስለው ድምፄ ተሰበረና ልመና ሆነ። እሱም ሰማው።

ዮናታን ተንደረደረ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ እኔም ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ሁለት እርምጃ መጣና ዝቅ አለ። ያ ሁሉ ትከሻ ከነሱፉ ኮሪደሩን ሞልቶ ወለሉ ላይ ወረደ፤ ጉልበቶቼን ይዞ ሳማቸው።

«እትዬ፣ ፕሊስ» አለ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው። «ሰናይትን ደህና እይዛለሁ። ማለቴ… በጣም ደህና። ሁልጊዜ እናመጣላችኋለን እሷን።»

እትዬ አለኝ። የምይዝበት ቦታ ፈለግሁ፤ እጄ የሚደርስበት ራሱ ብቻ ነበር። ጉልበት ላይ የተደፋ ራስ ደግሞ ምን ይደረጋል? እጆቼ እኔን ሳይጠይቁ መረቁት።

«ተነሥ፣ ሱፍህ ይቆሽሻል» አልኩት በመጨረሻ። «ከእንግዲህ የማጥብልህ እኔ አይደለሁም። ዝቅ በል ያለህ ማን ነው? ኮች ነው?»

«እማዬ ናት። ‹ሌላ ነገር አትሞክር፣ ጉልበቷን ሳም› አለችኝ።»

«ጋራዡንስ ማን ከፈተልህ?»

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ሰናይት በነጭ ቀሚሷ፣ በአንድ እጇ አበባ፣ በሌላው የጋራዡን መክፈቻ ይዛ ቆማለች።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አሳልፈሽ ሰጠሽኝ!»

«በፊት በር ቢመጣ በሩን የምትለቅለት ትርፌ ናት። እኔን የምትሰጠው ግን ትርፌ አይደለችም።» ቀሚሷን ሰብስባ፣ ወለሉ ላይ ከዮናታን ጎን ተንበረከከች። «በዚህ በኩል ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ሳትለቂኝ መውጣት አልፈለግኩም።»

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። የሰው ቤት ውስጥ ሁሉ አይታይም።

ሙሽራው በጓሮ መግባቱን ከፊት ሲሰሙ ሁሉም ግር ብሎ ገባ። በመጨረሻ የሺመቤት፣ ውኃ እያንጠባጠበች፣ ሰዓቷን እያየች ገባች።

«ሃያ ሁለት ደቂቃ» አለች። «ግማሿን እንኳ አልሞላሽም።»

ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል ወሰድኳትና ፎጣ ሰጠኋት። ትንሹን። ፀጉሯን ስታደርቅ አላስቻለኝም።

«በአንድ ስልክ ሰባት ጊዜ እማዬ አስባልሻት።»

ፎጣውን ከፊቷ ላይ አወረደች። «አዎ አስባልኳት! ለምኜ ነው ያስባልኳት! ምን ጠቀመኝ? ‹እማዬ፣ እትዬ የፓስታ ሱጎ ስትሠራ እንዲህ አይደለም። እማዬ፣ እትዬ ቀሚስ የምታጥፈው እንዲህ ነው። እማዬ፣ እትዬ ትቆጣለች።› በገዛ ቤቴ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ! እኔ ልጅ የወሰድኩ መስሎኝ አንቺን ነው ያገባሁሽ!»

 ፊቷን ወደ ማጠቢያው መኪና አዞረች።

«ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «መምህርቷ ‹ይህን ጠርዝ ተመልከቱ› ብላ ነው ሽርጡን የሰቀለችው። የዘመዘምሽው አንቺ መሆንሽን መናገር ነበረብኝ።»

ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ምስክር በሌለበት ተነገረኝ። ቪዲዮ አንሺው ሳሎን ነበር።

ትልቁን ፎጣ ሰጠኋት።

ሰኞ ሥራ ስገባ ኮች ደጁ ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

«ስንት ደቂቃ?»

«ሃያ ሁለት።»

«መጥፎ አይደለም። በስተመጨረሻ ማን ገጠመው?»

«እኔ።»

«እና?»

«ዝቅ አለ።»

ኮች ገለባውን ተፋና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ምንም ማድረግ አይቻልም» አለ።

ማታ ቤቴ የሰርጉን ቀሚሴን ላጥብ ዘረጋሁት። ጉልበቱ ላይ የሰናይት የከንፈር ቀለም፣ ከጎኑ የዮናታን አፍ ያረፈበት፤ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው። የኋለኛው ተከላካይ ልብስ ቆሽሾ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። አላጠብኩትም፤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እሑድ ስልኬ ጮኸ። የሺመቤት ናት። ለሰላምታው ጊዜ አላባከነችም።

«ልጆቹ ለምሳ ሊመጡ ነው። ያቺ ሱጎሽ እንዴት ነው የምትሠራው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«እንዳትስቂብኝ። የኔን ሁለት ጊዜ ቀምሳ ‹ጥሩ ነው እማዬ› አለችኝ። አባባሏን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ወረቀትና እርሳስ አምጪ አልኳትና አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቲማቲሙ የሚገባበትን ሰዓት፣ እሳቱ የሚቀነስበትን። በመካከሉ ሁለት ጊዜ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ፤ እሷ አፍ ውስጥ ይህ ቃል መኖሩንም አላውቅም ነበር። ሁሉንም ሰጠኋት፤ አንዲት ቅመም ብቻ ቀረች። ክፋት አይደለም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ከኋላ መቅረት አለበት።